ደንበኛው የማን ነው?

ለነጋዴ ከገንዘብ ሣጥኑ ይልቅ የሚበልጥበት ሀብት ደንበኛው ነው። ቃሉ ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ ደንበኛ ማለት ደንብ ያለው፣ ወረት የሌለበት፣ ዛሬ መጥቶ ነገ የማይቀር ማለት ነውና። ገዢ መንገደኛ ነው፤ ደንበኛ ግን ቤተኛ ነው። ስለዚህ በወረታም ሆነ በአንበሳሜ ገበያ ሻጭ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ አንድ እፍኝ ትጨምራለች፤ ካልጨመረችም ገዢው «መርቂልኝ እንጂ!» ይላታል። የተጨመረውም እፍኝ «ምርቃት» ይባላል። እፍኙ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ገዢውን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደዚያችው ሻጭ የሚመልሰው እርሱ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ደንበኛ የሚያዝበት ሌላ ዘዴ መጥቷል። በአዲስ አበባ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች፣ ዕቃ ቤት ድረስ ከሚያደርሱ ድርጅቶች ጋር እየተዋዋሉ መሥራት ጀምረዋል። እንደ ዴሊቨር አዲስና እንደ ቢዩ ያሉት ድርጅቶች በመጀመሪያ ስማቸው የታወቀው የምግብ ቤት ምግብ ለየቤቱ በማድረስ ነው፤ በኋላ ግን ይኸው አሠራር ወደ አስቤዛ ተሻገረ። የቤቱ እመቤት በስልኳ ዘይቱን፣ ፓስታውን፣ ሳሙናውን ትመርጣለች፤ ሞተረኛው ከመደብሩ ተቀብሎ ከደጃፏ ያደርስላታል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሒሳቡንም በስልክ መክፈል ቀላል ሆኗል።

ባለመደብሩ ይህን ውል የሚወድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሞተር ሳይገዛ፣ ሾፌር ሳይቀጥር፣ ወደ ሱቁ ብቅ ብሎ የማያውቀውን ሰው ያገኛል። ከዚህም በላይ ስልኩ ያለፈውን ወር የአስቤዛ ዝርዝር ስለሚያስታውስ፣ ገዢው ያንኑ ደግሞ ማዘዝ አይከብደውም። ሰው ደግሞ የለመደውን በቀላሉ አይተውም።

እንግዲህ ነገሩ እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን አንባቢ አብሮን ጥቂት ያስላ። ለማስረዳት ያህል፣ አንድ መደብር የ1,000 ብር ዕቃ ሲሸጥ የሚተርፈው 100 ብር ነው እንበል። አድራሹ ድርጅት ደግሞ ከየመቶው ብር 15 ብር ይጠይቃል እንበል። ይህም ከ1,000 ብር ላይ 150 ብር ነው። ባለመደብሩ 50 ብር ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ ወይ በስልክ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ የማድረሻውን ዋጋ በገዢው ላይ ይጥላል። ገዢውም አንድ ቀን በሱቁ በኩል ሲያልፍ ያው ዘይት ሁለት ዋጋ እንዳለው ያያል፤ ያን ጊዜ የተገነባው ፍቅር ይናዳል። በምግብ ቤት ምግብ ላይ ትርፉ ሰፋ ያለ ስለ ሆነ የአድራሹን ድርሻ ይችላል፤ የስኳርና የጨው ትርፍ ግን ቀጭን ነው።

ከገንዘቡ የሚከብድ ሌላ ነገርም አለ፤ ይኸውም ዕውቀት ነው። የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን ሲገልጥ የሚያየው ቁጥር ብቻ አይደለም። መምህሩ ደመወዝ የሚቀበሉበትን ቀን ያውቃል፤ በዐቢይ ጾም ዘይትና ሽሮ፣ ለፋሲካ ደግሞ ዕንቁላልና ቅቤ እንደሚፈለግ ያውቃል። ትእዛዙ በአድራሹ ድርጅት በኩል ሲያልፍ ግን ይህ ሁሉ የሚጻፈው በአድራሹ መዝገብ ነው። ባለመደብሩ ዕቃው መውጣቱን ያያል እንጂ ማን እንደ ወሰደው ላያውቅ ይችላል። ነገ አድራሹ ውሉን ለጎረቤቱ ሱቅ ቢሰጥ፣ ወይም የራሱን መጋዘን ቢከፍት፣ ደንበኛው ተከትሎት ይሄዳል።

ይህ ሥጋት እንዲያው የታሰበ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኢንስታካርት የተባለው አድራሽ ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ ሆል ፉድስ ከተባለው ትልቅ የምግብ መደብርም ጋር ተዋውሎ ይሠራ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. አማዞን መደብሩን በ13.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። አማዞን የራሱ አድራሾች ስለ ነበሩት፣ የሁለቱ ሽርክና በ2019 እ.ኤ.አ. አበቃ። ያን ጊዜ የተጎዳው አድራሹ ነበር፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ መደብሩ ሊሆን ይችላል። ሽርክና ሲፈርስ ደንበኛው የሚቀረው ከማን ጋር ነው? መልሱ መዝገቡን ከያዘው ጋር ነው።

ደንበኛን ለመያዝ ሌሎች ሕዝቦች ያገኟቸው መንገዶችም አሉ። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የሚኖሩ 28 ሠራተኞች ተሰብስበው ቅቤ፣ ስኳርና ዱቄት የሚሸጥበት የጋራ ሱቅ ከፈቱ። ትርፉንም እያንዳንዱ በገዛው መጠን ተከፋፈሉት። ብዙ የገዛ ብዙ ስለሚመለስለት ከሌላ ሱቅ መሄድ አላስፈለገውም። የእኛም አገር የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የዚያ ሐሳብ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቴስኮ የተባለው የእንግሊዝ መደብር ለገዢዎቹ ካርድ አደለ፤ ገዢው በገዛ ቁጥር ነጥብ ያገኛል፣ መደብሩም ገዢው ምን እንደሚወድ ያውቃል። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፤ ምርቃቱም መዝገቡም ከሱቁ እጅ አልወጡም።

ይህ ነገር ለፎገራ ሜዳ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ፎገራ በርብና በጉማራ ወንዞች የሚጠጣ ለም ሜዳ ነው፤ በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ዛሬ የአገሩ መታወቂያ ሆኗል፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎም እንጀራ ይሆናል። ሽንኩርቱም ስመ ጥር ነው። ታዲያ ሩዝና ሽንኩርት እንደ ታሸገ ሳሙና አይደሉም። አንዱ ሩዝ ሙሉ ፍሬ ነው፣ ሌላው ስብርባሪ ይበዛበታል፤ አንዱ ሽንኩርት ደረቅ ነው፣ ሌላው ከውስጡ በስብሷል። ስለዚህ ቤቱ ተቀምጦ የሚያዝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ይመርጥልኛል?» ነው። የማያውቀው ሞተረኛ ቸኩሎ ካፈሰው፣ ገዢው የሚያማው ሞተረኛውን ሳይሆን ሱቁን ነው። በወረታና በአንበሳሜ ባለሱቁ ልጁን ልኮ ወይም ለሚያውቀው ባለባጃጅ ሰጥቶ ዕቃ ሲያደርስ ግን የመረጠውም ኃላፊነቱን የሚወስደውም እርሱ ራሱ ነው።

ደግሞም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና መቋረጡም ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ በስልክ መረብ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ንግድ ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ እንደ ሆነ ታይቷል። የዱቤ ደብተር ግን መረብ አያሻውም።

እንዲህ ስንል አዲሱን አሠራር መንቀፋችን አይደለም። አቅመ ደካማ ለሆኑ፣ ሕፃን ለያዘች እናት፣ ከቢሮ አምሽቶ ለሚወጣ ሠራተኛ ትልቅ ዕረፍት ነው። የምንለው፣ የሚዋዋል ባለመደብር ሦስት ነገር ይጠብቅ ነው። የደንበኞቹ መዝገብ በእጁ ይቅር፤ ዕቃውን የሚመርጠው የራሱ ሰው ይሁን፤ በስልክና በሱቅ ያለው ዋጋም አንድ ይሁን፣ የማድረሻው ሒሳብም ለብቻው በግልጽ ይጻፍ።

ለገዢውም፣ ይልቁንም ደመወዙ ከወር እስከ ወር ለማይደርስለት ወጣት ሠራተኛና ቤት ተከራይቶ ለሚማር ተማሪ፣ አንድ የሚያስብበት ነገር አለ። በስልክ የሚታዘዝ አስቤዛ ብሩን ቆጥሮ ይጠይቃል፤ ወሩ በ25 ቀኑ ኪሱ ባዶ ሲሆን «ግድ የለም፣ ደመወዝ ሲወጣ ትሰጠኛለህ» ብሎ ሩዝ የሚሰፍርለት የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ያ ባለሱቅ በወሩ መጀመሪያ የሚገዛው አጥቶ ሱቁን ከዘጋ፣ በወሩ መጨረሻ የሚያበድር አይገኝም። ደንበኝነት ከሁለት ወገን ነውና።