ዲላ ላይ ጄኔሬተር ልትገዙ ላሰባችሁ

ዝናቡ ከበረታ ወዲህ ከምትልኩልኝ ጥያቄ አብዛኛው አንድ ነው፦ «ድምፅ የሌለው፣ የማይበላሽ ጄኔሬተር የቱ ነው?» ድምፅ የሌለው ጄኔሬተር የለም። የማይበላሽም የለም። ድምፁ የሚቻል፣ ሲበላሽም እዚሁ ዲላ የሚጠገን ግን አለ። መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ለአብዛኞቻችሁ ቤት የሚበቃው 2 ኪሎ ዋት ገደማ የሆነ ባለ ኢንቨርተር የቤንዚን ጄኔሬተር ነው፤ እሱም ቀን ቀን ብቻ የሚሠራ። ሌሊቱን ለባትሪ ተዉት። ለምን እንዲህ እንደምል ለማወቅ የሚፈልግ ያንብብ፤ ጽሑፉ ረዘም ይላል።

«ግድቡ ተመርቆ ደግሞ ምን ጄኔሬተር ያስፈልጋል?» ብሎ የሚሞግተኝ አይጠፋም። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን እኛ ሰፈር መብራት የሚሄደው ብዙ ጊዜ ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ቆጣሪያችን ባለው መንገድ ላይ አንድ ነገር ተበጥሶ ወይም ተቃጥሎ ነው። የጌዴኦ መንገድ ደግሞ በዛፍ መካከል ነው የሚያልፈው። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ ተደራርበው ለሚኖሩበት ግብርናችን ነው። ይህ የምንኮራበት ጥላ ለኤሌክትሪክ ሽቦ አይመቸውም። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ይወድቃል፤ የእንጨት ምሰሶው ያዘነብላል፤ መብረቁም ትራንስፎርመሩን ያገኘዋል። ከወናጎ እስከ ገደብ ያላችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ መጠባበቂያ ያስፈልጋል በሚለው አልከራከርም፤ የምከራከረው በመጠኑ ላይ ነው።

ገዢው ሱቅ ሲገባ የሚናገራት አንዲት ቃል አለች፦ «ሁሉን የሚችል ስጡኝ»። ሻጩ የሚወዳትም ይህቺኑ ነው። «ሁሉን» የምትለዋ ቃል ውስጥ የእንጀራ ምጣዱ አለበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። እሱን የሚያነሣ ማሽን ቢያንስ 5 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ይከብዳል፣ ይጮኻል፣ አምፖል ብቻ ቢበራ እንኳ ቤንዚኑን ይጠጣል። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ለሚጋገር እንጀራ ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ ይህን ግዙፍ ነገር መቀለብ አይዋጥልኝም። ምጣዱን ከሒሳቡ አውጡት፤ መብራት ሲመጣ ይጋገራል፣ ካልመጣም እንጨት አለ። ካውያውንና የኤሌክትሪክ ምድጃውንም አብራችሁ አውጡ።

የቀረውን እንደምር። ፍሪጅ በሥራ ላይ 150 ዋት፣ ቴሌቪዥን 80፣ ባለ 9 ዋት አምፖል ስድስት ቢሆን 54፣ ዋይፋዩና የስልክ ቻርጀሩ 30፣ ላፕቶፕ 60። ድምሩ 374 ዋት ነው። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ። የሚያስቸግረው ፍሪጁ ብቻ ነው፤ መጭመቂያው ሲነሣ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ለእሱ 900 ዋት ያዙለት። ያኔም ሁሉም ተደምሮ ከ1,200 አያልፍም። የውኃ ፓምፕ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በሥራ ላይ 750 ዋት ቢልም ሲነሣ 2,000 ሊነካ ይችላል። ወይ ትንሽ ከፍ ያለ ማሽን ግዙ፣ ወይ ደግሞ ውኃውን መብራት ባለ ጊዜ ወደ ሮቶ ሙሉት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አሁን ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር ይምጣ። ማሽኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደርስበት ከፍተኛው ጉልበት ነው። ያለ ዕረፍት የሚሰጠው በትንሹ ከሥር ተጽፏል። ለምሳሌ የሆንዳው ኢዩ 22 አይ 2,200 ዋት ይባላል፤ ያለማቋረጥ የሚችለው ግን 1,800 ነው። ከዚያ ደግሞ ከፍታችን ይቀንስለታል። ባለ ካርቡሬተር የቤንዚን ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ዲላ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ስለዚህ 18 በመቶ ያህሉ ይሄዳል፤ 1,800 የነበረው ወደ 1,480 ይወርዳል። አሁንም ለቤታችን ይበቃል። ወደ ቡሌ ወጥታችሁ 2,500 ሜትር ስታልፉ ግን ከሩብ በላይ ይጠፋል። እዚያ ካንዴላው ቶሎ የሚጠቁረውና ማርሚታው ጥቁር ጭስ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ስለታመመ ሳይሆን ቤንዚኑ ለአየሩ ስለበዛበት ነው። ካርቡሬተሩን ለከፍታ የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ደጋ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ለዚያ ሞዴል መኖሩን ጠይቁ።

ወደ ድምፁ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ተራ ጄኔሬተር ለ50 ኸርዝ ሲባል በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት። አንድ አምፖል ቢያበራም፣ ቤቱን ሁሉ ቢያበራም ፍጥነቱ ያው ነው፤ ጩኸቱም እንዲሁ። ባለ ኢንቨርተሩ መጀመሪያ ያመነጨውን ወደ ዲሲ ቀይሮ እንደገና ንጹሕ 220 ቮልት ስለሚያወጣ ሞተሩ እንደ ጭነቱ ቀስ ብሎ መዞር ይችላል። ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በላዩም ላይ ሽፋን አለው። ቮልቴጁ ስለማይዘል ለቴሌቪዥንና ለላፕቶፕም ይስማማል። ከሁሉ ርካሹ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር እየቀላቀሉ የሚያስነሡት ባለ ሁለት ምት ትንሹ ሞተር ደግሞ ጭሱም ጩኸቱም ከመጠኑ በላይ ነው፤ ለሱቅ በረንዳ ይሁን እንጂ ለመኝታ ቤት መስኮት አይሆንም። ናፍጣውን «ሳይለንት» ብለው ሲሸጡላችሁም ሳይለንትነቱ ክፍት ከሆነው ወንድሙ አንጻር መሆኑን አትርሱ፤ ብዙዎቹ በ7 ሜትር ርቀት 70 ዴሲቤል አካባቢ ናቸው።

ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይቆጠርም። 10 ሲጨምር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ይጮኻል። ስለዚህ 57 እና 70 በወረቀት ቢቀራረቡም በጆሮ ይራራቃሉ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በስንት ሜትር ርቀት? በስንት ጭነት? ብዙ አምራቾች የሚጽፉት ማሽኑ ሩብ ጭነት ብቻ ይዞ ሲንሾካሾክ የተለካውን ነው። ያልኳችሁ ሆንዳ በ7 ሜትር በቀላል ጭነት 48፣ በሙሉ ጭነት 57 ነው የሚባለው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ሜዳ ላይ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በ14 ሜትር 51 ይሆናል ማለት ነው። የዲላ ግቢ ግን ሜዳ አይደለም። በብሎኬት አጥርና በቆርቆሮ መካከል ድምፁ እየተላተመ ይመለሳል። የአገራችን የአካባቢ ድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሒሳቡን ተመልከቱት፦ ጥሩ ከሚባሉት አንዱ እንኳ ጭነት ሲበዛበት የሌሊቱን ልክ ጎረቤት መስኮት ላይ ያልፋል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የምታስነሡት ጄኔሬተር የፈለገ ብር ቢያወጣ ዝምተኛ አይባልም። እዚያ ማዶ ሕፃን ያስተኛች እናት፣ ለፈተና የተነሣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ።

ባትሪ ያልኩት ለዚህ ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። አምፖሉ፣ ዋይፋዩ፣ ቴሌቪዥኑና ስልኩ አንድ ላይ 160 ዋት ቢበሉ አምስት ሰዓት 800 ነው፤ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋርም ይበቃል። ፍሪጁ በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ልጆቹን «አትክፈቱ» ማለት ነው፣ እሱ ከምህንድስናው ይልቅ ይከብዳል። ባትሪው መብራት ባለ ጊዜ ራሱን ይሞላል። መብራቱ ሁለት ቀን ከጠፋ ደግሞ ቀን ጄኔሬተሩን አስነሥታችሁ ፍሪጁን እያቀዘቀዛችሁ ባትሪውንም ትሞላላችሁ። የአሲድ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከግማሹ በላይ በየጊዜው ካወጣችሁበት ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ለተመሳሳይ ሥራ እጥፍ መግዛት ይኖርባችኋል።

ይህ አካሄድ ቤንዚንም ይቆጥባል። ዋጋው ስለሚለዋወጥ በሊትር ላሳያችሁ። ያው ሆንዳ 3.6 ሊትር ቤንዚን ይዞ በሙሉ ጭነት 3 ሰዓት ከሩብ ያህል፣ በሩብ ጭነት 8 ሰዓት ይሠራል። በሙሉ ጭነት ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.6 ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ በሩብ ጭነት ግን 1 ሊትር። ማሽኑን ለአንድ አምፖልና ለቴሌቪዥን ሌሊቱን ሙሉ ከማስጮህ፣ ቀን ሁለት ሰዓት በደንብ ጭኖ ማሠራት ይረክሳል። ነዳጅ በጀሪካን መቅዳት እንዲህ በሚያስቸግርበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቀዳችሁትንም ቤት ውስጥ አታስቀምጡ።

«አስተማማኝ» የሚለው ላይ ልከራከራችሁ። ባለ ኢንቨርተሩ አንድ ድካም አለው፤ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ከተቃጠለ የሚጠግነው ማግኘት ከባድ ነው፣ ካርዱም ውድ ነው። ተራው ባለ አራት ምት የቻይና ሞተር ግን አብዛኛው የሆንዳን ጂኤክስ ሞተር የተከተለ ስለሆነ ካርቡሬተሩም፣ ፒስተኑም፣ የማስነሻ ገመዱም በቀላሉ ይገኛል። የእኛ አካባቢ መካኒኮች ደግሞ ከቡና መፈልፈያው ሞተር ጋር ሲታገሉ የኖሩ ናቸው፤ ብረት አያሸንፋቸውም። ጎረቤት የራቀበት፣ ግቢው ሰፊ የሆነ የገጠር ቤት ከሆነ ተራውን ግዙ እላለሁ። ዲላ መሐል ቤት ለቤት ተጣብቃችሁ ለምትኖሩ ግን ኢንቨርተር። ከመርካቶም ሆነ ከሐዋሳ ከመጫናችሁ በፊት የምታምኑትን መካኒክ ጠጋ ብላችሁ «ይህን ማርካ ፈትተህ ታውቃለህ?» በሉት። እያመነታ ከመለሰ ሌላ ማርካ ፈልጉ። በታወቀ ስም የሚሸጥ ቅጂም ሞልቷል። አንሡት፤ ዋናው 21 ኪሎ የሚመዝን ሞዴል እጃችሁ ላይ በጣም ከቀለለ ወይም ከከበደ ዋጋውን መጠየቅም አያስፈልግም።

ሁለት ነገር ደግሞ ያለ ምንም ድርድር።

አንደኛ፣ ጄኔሬተር ዝናብን ሽሽት በረንዳ ላይ፣ ኩሽና ውስጥ ወይም ዕቃ ቤት አይገባም። የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት ስንቱን እንደ ወሰደ የምታውቁት ነው፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ያው ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መስኮት መክፈትም አያድንም። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ጭሱ ከእናንተም ከጎረቤትም መስኮት ይዙር። ዝናቡ እንዳያገኘው አራት ምሰሶ አቁማችሁ ቆርቆሮ አልብሱት፤ ጎኑ ይከፈት። በጆንያና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ድምፅ መቀነስ የሚባለውን ተዉ፤ ማቃጠል ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለት ወንዴ ሶኬት ባለው ገመድ ጄኔሬተሩን ግድግዳ ላይ ሰክቶ ቤቱን ማብራት ክልክል ነው። ይህን የሚያደርግ ብዙ ሰው አለ። ዋናው ብሬከር ተረስቶ ካልወረደ ኃይሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ ወደ ኋላም ስለሚሠራ የእናንተ 220 ቮልት ምሰሶው ላይ 15,000 ይሆናል። እዚያ ላይ መብራታችንን ሊመልስ የወጣ ሠራተኛ አለ። በኤሌክትሪሺያን ቼንጅ ኦቨር አስገጥሙ፤ ከጄኔሬተሩ ዋጋ አንጻር ወጪው ትንሽ ነው። መሬት መቅበሪያውንም አብሮ ይሥራላችሁ። ያን እስክታስገጥሙ በማራዘሚያ ገመድ ፍሪጁን በቀጥታ ከማሽኑ ሰኩት።

አያያዙ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ቀይሩ፤ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ። ወራትን ቆሞ የሚከርም ከሆነ ቤንዚኑን አውጥታችሁ ካርቡሬተሩ እስኪደርቅ አሠሩት፤ ያረጀ ቤንዚን ነው መብራት በጠፋ ዕለት እንቢ የሚያሰኘው። በወር አንዴ፣ ቀን ላይ፣ ጭነት ሰጥታችሁ አስነሡት።

ጥያቄ ያላችሁ የፍሪጃችሁን ጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። አምፔሩን በ220 አባዝቼ እመልስላችኋለሁ። የጄኔሬተር ስምና ዋጋ ብቻ ልካችሁ «ይሻላል?» ካላችሁኝ ግን መልስ የለኝም።