በአራዳ ጎዳና ያልተጠየቁት

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወጥቶ በወርቅ ቤቶቹ በኩል ወደ ፒያሳ የሚወርድ መንገደኛ፣ ሁለት ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ አንደኛዋ የሌላይቱን ነጠላ እያስተካከለችላት፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሲሄዱ ቢያይ ዘወር ብሎ አያያቸውም፤ ነገሩ በአገራችን ልማድ እንደ ሰላምታ የተቆጠረ ነውና። በአንድ አልጋ ማደር፣ ጸጉር መሠራራት፣ በአንድ የኪራይ ክፍል ዓመታትን መግፋት፣ ለሴት ልጅ የባልንጀርነት ወግ እንጂ የጥርጥር ምክንያት ሆኖ አያውቅም። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ጉዳይ በሸንጎም ሆነ በዐውደ ምሕረት ሲነሣ ዘወትር በወንድ ስም የሚጠራው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ሴቶቹ ከክሱ የራቁት ንጹሓን ተብለው ሳይሆን የሚጠይቃቸው ስላልተገኘ ነው።

ሕጉ ግን አልረሳቸውም። ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል፣ የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ600ኛው አንቀጹ ከራሱ ፆታ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመውን ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ በእስራት እንዲቀጣ ሲደነግግ፣ የረቂቁ አዘጋጅ የዣን ግራቨን አገር ስዊዘርላንድ ይህንኑ ድርጊት፣ ለአካለ መጠን በደረሱ ሰዎች መካከል ከሆነ፣ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከወንጀል መዝገብ ፍቃ ነበር። በእንግሊዝ አገር የዎልፈንደን ኮሚቴ ክልከላው ለዐዋቂዎች እንዲቀር ሐሳብ ያቀረበውም በዚያው ዓመት፣ በ1957 እ.ኤ.አ.፣ ነበር፤ በዚያ አገር ግን ሕጉ ሴቶችን ቀድሞውንም ስላልጠራቸው ስለ እነሱ የሚፋቅ ነገር አልተገኘም። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው አዘዘ፤ እንግዲህ ኢትዮጵያዊቱ ሴት ከወንድ ጋር ያለ አንዳች ልዩነት እኩል ከተቈጠረችባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ያ 600ኛ አንቀጽ ነው ብንል፣ ቀልዱ ቢመርም ከእውነቱ አይርቅም። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ቁጥሩን ወደ 629 አዛውሮ ክልከላውን እንዳለ አቆየው።

ነገሩ ከባሕር ማዶ የገባ ባዕድ ልማድ ነው የሚለው ክርክር ዘወትር የሚሰማ ቢሆንም፣ ገላውዴዎስ የተባለው መነኩሴ በ1672 እ.ኤ.አ. በግእዝ የጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ለዚህ ክርክር አልመች ብሏል። ቅድስቲቱ የዐፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ እምነት በመቃወም ባሏን መልክዐ ክርስቶስን ትታ የመነኮሰች ናት፤ ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስም እንዲሁ ትዳሯን ትታ መጥታ፣ ሁለቱ ገና እንደተያዩ በፍቅር ተሳስረው እስከ ዕለተ ሞት በጣና ዳርቻና በስደት አብረው ኖሩ። ገድሉ ይህን ፍቅር መንፈሳዊ አድርጎ ነው የሚያቀርበው፤ እኔም ከዚያ አልፌ በቅድስቲቱ ላይ የምጨምረው ቃል የለኝም። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ወጣት መነኮሳይያት እርስ በርሳቸው በፍትወት ሲላፉ ቅድስቲቱ አይታ እንዳዘነች የሚናገር ክፍል አለ ብለው ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ትርጓሜያቸው ባሳተሙ ጊዜ፣ ከአገራችን ሊቃውንትና ምእመናን ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። የንባቡን ነገር ለግእዝ ሊቃውንት እንተወው፤ አንድ ወጣት መነኩሲት በሌላይቱ ላይ ዓይኗን መጣሏ ግን ፈረንጅ እስኪያስተምራት የሚጠብቅ ነገር አይመስለኝም።

የባህል አጥኚው ሳይመን መሲንግም በ1957 እ.ኤ.አ. ስለ ደጋው አማራ ባቀረበው ጥናቱ፣ በባላገሩ መንደር ወንዳገረድ የሚባለውን ሰው ሴቶቹ እንደ ወንድማቸው አድርገው ከመካከላቸው እንደሚያኖሩት፣ የሚያፍሩበት ዘመዶቹ ብቻ እንደሆኑ ጽፏል።

በእኛ ዘመን የተቃውሞው ጩኸት በረታ። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች በአንድነት ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ እንዲጻፍ ጠየቁ፤ በ2011 ዓ.ም. የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን የሚያስጎበኝ አንድ የቺካጎ ድርጅት ደንበኞቹን ወደ ላሊበላ ሊያመጣ ነው ሲባል ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን አስታውቆ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጋበዘ። በዚያው ሰሞን፣ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት፣ ሰዎች በቲክቶክ እየተጋለጡ ለጥቃት መዳረጋቸውን አሰማ። ወንድ የሚወዱ የከተማው ወንዶች እርስ በርስ «ዜጋ» እየተባባሉ መተዋወቃቸው፣ ሌላው ሁሉ በሚጠራበት ስም ውስጥ መደበቅ በመሆኑ፣ የአራዳ ልጅ ብልሃት አለበት።

ሴቶቹ ግን መደበቂያ ስም ያስፈለጋቸው አይመስልም፤ ጃንጥላውና ነጠላው ይበቃቸዋል። እነሱን የሚያሠጋቸው ዐቃቤ ሕግ ሳይሆን ሽማግሌ ላኪው ነው። በቀድሞው የፒያሳ ሰፈር፣ በዶሮ ማነቂያ ጠባብ ግቢዎች፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ጉልት ነጋዴዋ፣ የመጠጥ ቤት ባለቤቷ ያለ ባል ቤት ይዘው ይኖሩ ስለነበር፣ ባል የሌላት ተከራይ እንግዳ ነገር አልነበረችም፤ አከራይቱም የወር ኪራይዋ ከደረሰላት ሌላ አትጠይቅም ነበር። ያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ተበትኗል፤ እንግዲህ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አዲሷ ጎረቤት «ባለቤትሽስ የት ነው የሚሠራው?» ብላ ስትጠይቅ፣ የሁለቱ ተከራዮች መልስ ቀድሞ ተመካክረውበት የተዘጋጀ መሆን አለበት።