ሌንሱን የሚያዩ ዓይኖች

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አንድ ጊዜ የኬክ ቆረሳው የተቀረጸበት ካርድ ተበላሸብን። ቀኑ አይደገምም፤ ስለዚህ ከመልሱ ቀረጻ ፊት እየለቀምኩ ክፍተቱን መሙላት ያዝኩ። ልብሱ ሌላ ስለሆነ ከአንገት በላይ ያለውን ብቻ ወሰድኩ። ያልተፈታልኝ ችግር የዓይን ነበር። የሙሽራዋ እናት በየሾቱ የሚያዩት በቀጥታ ካሜራውን ነው።

«ጌም ኦቨር» የተባለውን የ2003 የአሜሪካ ፊልም ስመለከት ያ ሥራ ትዝ አለኝ። በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው፤ አብዛኛው ምስሉም የተወሰደው ከአምስት የቪዲዮ ጌሞች ነው። ጌሞቹ የዲጂታል ፒክቸርስ ሥራዎች ናቸው። ኩባንያው በ1991 ተቋቁሞ በ1996 የተዘጋ ሲሆን ጌሞቹን የሚሠራው በሥዕል አልነበረም። እውነተኛ ተዋንያንን እንደ ፊልም ቀርጾ ሲዲ ላይ ይጭናል፤ ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ከተዘጋጁት ቁርጥራጮች አንዱ ይከተላል። ሴጋ ሲዲ የተባለው ማጫወቻ በሰከንድ የሚያነበው 150 ኪሎባይት ገደማ፣ በአንድ ጊዜ የሚያሳየውም 64 ቀለም ብቻ ስለነበር ምስሉ ጠብቦና ተሸራርፎ ነበር የሚታየው።

ከአምስቱ አንዱ ቡጢ ነው፤ «ፕራይዝ ፋይተር»፣ ያውም በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ። አንዱ የሞቱ ሰዎች የሚነሱበት ደሴት፣ አንዱ የቻይና ማርሻል አርት፣ አንዱ ታዋቂው አሠልጣኝ ማይክ ዲትካ ያለበት የአሜሪካ ፉትቦል። አምስተኛው «ማክሲመም ሰርጅ» ነው። እነዚህን በአንድ ታሪክ ማሰር ይቻላል ብሎ ማን ያስባል? የፊልሙ ሰዎች መላ አገኙ፤ አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ከጌሞች ጋር ይገናኛል፣ የጌሙ ፈጣሪም ወደ ውስጥ ገብቶ ሊያሸንፈው ይገደዳል። ጌም ውስጥ የገባ ሰው ዛሬ ቡጢ፣ ነገ ጫካ ቢያጋጥመው ተመልካች አይጠይቅም።

ከባዱ ግን ይህ አልነበረም። በእነዚህ ጌሞች ባለታሪኩ ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ ሌንሱ የእሱ ዓይን ነው። ስለዚህ ቡጢው የሚሰነዘረው ወደ ሌንስ፣ ዛቻውም የሚነገረው ለሌንስ ነው። ተጫዋቹን ስታነሱት ቀረጻው መሐል ላይ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ይቀራል። አሜሪካዊው የፊልም ፕሮዲዩሰር ሮጀር ኮርማን በ1960ዎቹ ከሶቪየት የጠፈር ፊልሞች ምስል እየወሰደ አዳዲስ ፊልም ሲያወጣ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም፤ እነዚያ ተዋንያን የሚያዩት እርስ በርሳቸው ነው። እዚህ ግን ተዋንያኑ የሚያዩት ሰው ራሱ መፈጠር አለበት።

የሚፈጠረው በቆረጣ ነው። ሩሲያዊው የፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ አንዱን የተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከዚያም ከሬሳ ሣጥን ጎን ሲያኖረው ተመልካች ሁለት የተለያየ ስሜት አነበበበት። ወደ ሌንስ ከሚሰነዘር ቡጢ በኋላ አዲስ የተቀረጸ የደነገጠ ፊት ቢገባ፣ ዓይናችን ሁለቱን ያገናኛቸዋል። በመካከላቸው ዓመታት ማለፋቸውን አያውቅም።

እኔም በዚያ የሠርግ ቪዲዮ እንደዚያው አደረግኩ። ከእናትየው ፊት ቀደም ብሎ ቢላዋ የያዘችውን ልጃቸውን ከፎቶ አንሺው ፎቶዎች ወስጄ አስገባሁ። ቪዲዮውን ሲያዩ እናትየው፣ «ያኔ እኮ እሷን እያየሁ ነው ያለቀስኩት» አሉ።

ፊልሙን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። «ማክሲመም ሰርጅ» ገበያ ሳይወጣ ቀርቷል። የ«ቤይዋች»ዋ ያስሚን ብሊዝና በ«ስታር ትሬክ» ቼኮቭን የተጫወተው ዋልተር ኬኒግ የተወኑበት፣ ልብስ የተሰፋለት፣ መብራት የተተከለለት ሥራ መደርደሪያ ላይ ሊቀር ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ኤዲተር ያንን ምስል ከፍቶ፣ ሾት በሾት እያየ፣ የትኛው ዓይን ወዴት እንደሚያይ መዝግቦ መሆን አለበት፤ ሌላ መንገድ የለውማ።

የእኔ ሃርድ ዲስኮች ከጠረጴዛዬ በላይ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሙሽሮቹ ስምና ቀኑ በፕላስተር ተጽፏል። የተረፈውን ቀረጻ፣ ወደ ካሜራ የሚያየውንም ጭምር፣ አልሰርዝም።