ለመፈልፈያ ማሽን ገንዘብ ከመላክሽ በፊት

ውድ እህታችን፣ ቤይሩት ሆነሽ ከደመወዝሽ የቆጠብሽውን ገንዘብ ቤተሰቦችሽ «የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን እንግዛበት» ካሉሽ፣ ከመላክሽ በፊት ሥራውን ብታውቂው ይጠቅምሻል።

ታቃፊ ዶሮ ጫጩት የምትፈለፍለው በ21 ቀን ነው። ማሽኑም ቀኑን አያሳጥርም፤ የእናቲቱን ሙቀት በኤሌክትሪክ ይተካል እንጂ። ማራገቢያ ባለው ማሽን ውስጥ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ዶሮዋ እንቁላሎቿን እንደምታገላብጥ ሁሉ፣ በማሽንም እስከ 18ኛው ቀን ቢያንስ በቀን ሦስት ጊዜ ይገላበጣሉ። ከዚያ በኋላ ማገላበጡ ይቆምና እርጥበቱ ከፍ ይደረጋል። በ7ኛው ቀን ገደማ እንቁላሉ በጨለማ ክፍል በባትሪ ይታያል፤ ቀያይ የደም ሥር ያልታየበት ይወጣል። አውራ ከሌለበት የተገኘ እንቁላል ግን በምንም ማሽን አይፈለፈልም።

ትልቁ ችግር መብራት ነው። እዚህ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ሞተር ይተካል። በቤተሰቦችሽ ቤት ግን ምን ይተካዋል? መብራቱ ለረጅም ሰዓት ከጠፋና ማሽኑ ከቀዘቀዘ የብዙ ቀን ድካም ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጾታ ነው። «ሹል እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት ይሆናል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እውነት አይደለም። ጾታው ከእናቲቱ በሚመጣ ዘር እንቁላሉ ሳይጣል ይወሰናል፤ ከቅርፊቱ አይታወቅም። ከ100 ጫጩት 50 ያህሉ ወንድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጃፓን ሊቃውንት የአንድ ቀን ጫጩትን ከሥሩ አይተው መለየት የሚቻልበትን ዘዴ አገኙ፤ ሆኖም ረጅም ሥልጠና ይጠይቃል። በአገራችን በሚታወቀው ቦቫንስ ብራውን ዝርያ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ስለሚፈለፈል መለየቱ ቀላል ነው። የአበሻ ዶሮ ግን መልኩ ብዙ ስለሆነ፣ ኩክኔው እስኪያድግና እስኪቀላ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ቤተሰቦችሽ የሚፈልጉት እንቁላል መሸጥ ከሆነ፣ እንደ ቢሾፍቱ ባሉ የዶሮ እርባታ ቦታዎች ጾታቸው የተለየ ጫጩቶችን ገዝተው ቀሪውን ገንዘብ ለቤትና ለመኖ ቢያውሉት ይሻላል። ማሽን ካሉ ግን ሦስት ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? እንቁላሉ አውራ ካለበት መንጋ ነው? ወንዶቹን ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ገበያ እስኪደርሱ የምትቀልቡበት አላችሁ? መልስ ካላቸው ገንዘብሽን ላኪ። ከሌላቸው ግን ላብሽ ነውና ትንሽ ቆዪ።

ቸር ሰንብቺ።