የወላጆችዎን ቤት ከማደስዎ በፊት

ሁሩታ ያሉትን የእናትና የአባትዎን ቤት ለማደስ ከእህት ወንድሞችዎ ጋር ገንዘብ አዋጥታችኋል እንበል። አንዱ አዳማ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ውጭ አገር ትኖራለች። የሁሉም ሐሳብ ቀና ነው። ሥራው መሃል ላይ ሲቆም ግን ቤቱ ብቻ ሳይሆን ወንድማማችነቱም ይጎዳል።

ፕሮጀክት ማለት ግድብና መንገድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያና መጨረሻ፣ የተወሰነ ገንዘብና የሚጠበቅ ውጤት ያለው ሥራ ሁሉ ፕሮጀክት ነው። አመራሩም ከአራት ጥያቄዎች ይጀምራል።

«አለቀ» የምንለው ምን ሲሆን ነው?
«ቤቱ ይታደስ» ዕቅድ አይደለም። «ጣሪያው ይቀየር፣ ሁለቱ ክፍሎች ሊሾ ይደረጉ፣ ሽንት ቤቱ ወደ ውስጥ ይግባ» ብለው ይጻፉ። የማይሠራውንም ይጻፉ፦ «አጥሩ ለከርሞ»። ከሁሉ በፊት ግን እናትዎን ይጠይቁ። እርስዎ ኮርኒስ ሲያስቡ እርሳቸውን የቸገራቸው የበሩ ደረጃ ሊሆን ይችላል።

ምን ይቀድማል?
ቧንቧው ሳይቀበር ሊሾ ቢደረግ ተመልሶ ይፈረሳል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት ከመቶ ዓመት በፊት ያስለመደው ሠንጠረዥ ዛሬም ይሠራል፦ ሥራዎቹን ወደ ታች፣ ሳምንታቱን ወደ ጎን ጽፎ እያንዳንዱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ማስመር። ጣሪያ የሚነሳው ክረምት ሳይገባ መሆኑንም አይርሱ።

ገንዘቡ እንዴት ይወጣል?
ቢያንስ ከሦስት ቦታ ዋጋ ይጠይቁ። ከጠቅላላው በመቶ 10 ያህሉን ለድንገተኛ ወጪ ያስቀምጡ። ለግንበኛው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሥራው በደረሰበት ደረጃ ይክፈሉ። የሚወስነውና ሒሳብ የሚይዘው ማን እንደሆነም አስቀድማችሁ ተስማሙ። አምስት አዛዥ ያለው ሠራተኛ የማንንም ትእዛዝ አይፈጽምም።

ከርክክብ በኋላስ?
ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ እዚያው አርሲ ውስጥ አለ። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሂቶሳ አካባቢ የደጋ ምንጮችን ውኃ ያለ ፓምፕ፣ በስበት ብቻ ወደ ታች የሚያወርድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የቧንቧ መስመር ተዘረጋ። ዋተርኤይድ ደገፈ፤ ነዋሪው ቦይ ቆፈረ፣ ገንዘብም አዋጣ። ሥራው ሲያልቅ አስተዳደሩን የተረከቡት ነዋሪው የመረጣቸው ኮሚቴዎች ነበሩ። ተጠቃሚው ለውኃው ይከፍል ነበር፤ ክፍያው ለሠራተኛ ደመወዝና ለጥገና ይውል ነበር። የሚጠግነው ሰውና የጥገናው ገንዘብ ከመጀመሪያው የዕቅዱ አካል ነበሩ።

የእርስዎም ቤት እንዲሁ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ማን ይጠራል? ከየትኛው ገንዘብ ይከፈላል? ቤተሰቡ በሚቀጥለው እሑድ በስልክ ሲገናኝ አራቱን ጥያቄዎች አንሡ፤ መልሱንም አንድ ሰው ይጻፈውና ለሁሉም ይላክ። ሲሚንቶ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።