ፀሐይ የማታቃጥላቸው ደም መጣጮች

ወልድያም ሆነ መርሳ፣ ፍላሹን ይዞ ተከታታይ ፊልም ሊያስጭን የመጣ ወጣት ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ኤችዲ ነው?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። ታላላቆቹ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ያዩት ከኮፒ የተቀዳ የዴክ ካሴት ነበር፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ከታች በኩል የሚንቀጠቀጥ።

ከዚያ ቪሲዲ መጣ። አንዱ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ፊልሙ «ሲዲ 1» እና «ሲዲ 2» ተብሎ ይከፈላል፤ ታሪኩ ልብ ሲሰቅል ተነስቶ ዲስክ መቀየር ነው። ምስሉም 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነበር። እኛ በለመድነው የፓል ሥርዓት ዲቪዲ 720 በ576 ስለሚያሳይ አራት እጥፍ ይበልጠዋል፤ ሙሉ ኤችዲ ደግሞ 1920 በ1080 ሆኖ የዲቪዲውን አምስት እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩን ላየ ሰው የጥራቱ ክርክር እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል።

«ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» የተባለው የአሜሪካ ድራማ ግን ይህን ስሌት ያፋልሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በ7 ሲዝንና በ144 ክፍሎች የታየው ይህ ድራማ፣ ቀን ተማሪ ሆና ማታ ደም መጣጮችን እያደነች የምትገድል ልጃገረድ ታሪክ ነው። ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ቡዳ እየሰማ ላደገ የወሎ ልጅ ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች የተቀረጹት በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። ፊልሙ ጠባብ በመሆኑ፣ በተለይ በመቃብር ሥፍራው የሌሊት ትዕይንቶች ላይ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከሦስተኛው ሲዝን ጀምሮ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ስለተሸጋገሩ መሻሻሉ ወዲያው ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያውን ሲዝን ዲቪዲ የገዙ አሜሪካውያን ያዩት ብዥታም ከሞላ ጎደል ከምንጩ የመጣ ነው። ዲስኩ የሌለውን አልጨመረም።

ሌላው ጣጣ የምስሉ ቅርጽ ነው። ድራማው የተሠራው ወደ ካሬ ለሚጠጋው ለድሮው ቴሌቪዥን ነበር። በብሪታንያ የወጡት የኋለኞቹ ሲዝኖች ዲቪዲዎች ግን በሰፊው ስክሪን ልክ ተዘጋጁ፤ ፈጣሪው ጆስ ዊደን ድራማው ለዚያ ቅርጽ እንዳልተቀረጸ በመግለጽ ተቃወመ።

ዋናው ጉድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ፊልሙ እንደገና ተቃኝቶ፣ ሰፊ ስክሪን እንዲሞላ ተደርጎ በኤችዲ ተዘጋጀ። ነጥቡ በዛ፣ ጥራቱ ግን ወረደ። ምስሉ ወደ ጎን ሲሰፋ ከክፈፉ ውጭ መቅረት የነበረባቸው የቀረጻ ሠራተኞችና መሣሪያዎች ብቅ አሉ። በሌላ ቦታ ደግሞ ከላይና ከታች ተቆርጦ የተዋናዮች ግንባር ጠፋ። የፊልሙን አሸዋ ለማጥፋት የተደረገው ማለስለስም ፊትን ሰም የተቀባ አስመሰለው።

ከሁሉም የሚያስቀው ግን የሌሊቱ ጉዳይ ነው። አንዳንድ የሌሊት ትዕይንቶች ካሜራው ፊት ጨለማ አልነበሩም፤ በኋላ በቀለም እርማት ሰማያዊና ጨለማ የተደረጉ ናቸው። አዲሱን ቅጂ ያዘጋጁት ሰዎች ይህን እርማት በየቦታው ዘለሉት። በታሪኩ ፀሐይ ስትነካቸው ነድደው አመድ የሚሆኑት ደም መጣጮች፣ በኤችዲው ቅጂ በብርሃን ሲንጎራደዱ ይታያሉ! አምስት እጥፍ ነጥብ ተጨምሮ ታሪኩ ራሱ ተበላሸ።

ስለዚህ በፍላሽ የሚያስጭን ሰው የፋይሉን ስም ከሚያምን አንድ የሌሊት ትዕይንት አስከፍቶ ቢያይ ይሻለዋል። ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ «ባፊ» ከቀረበለት ያ የ2014ቱ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መሀል ላይ ካሬ መሰል ምስል የሚያሳየው ከድሮው የአሜሪካ ዲቪዲ የተቀዳ ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ የድራማው ወዳጆች ዛሬም የሚመርጡት እሱኑ ነው።