ክርስትና በምዕራቡ ዓለም የሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ሥዕል ለመሣል አልቸኮሉም። ከአይሁድ የወረሱት የኦሪት ትእዛዝ የተቀረጸ ምስልን ይከለክላል፤ በሮም ከተማ በየአደባባዩ የቆመው ሐውልት ደግሞ አብዛኛው የአማልክትና የቄሣሮች ነበር። ተለይተው የሚታወቁ የክርስቲያን ሥዕሎች ብቅ ያሉት በ200 ዓ.ም. አካባቢ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካታኮምብ በሚባሉት የሮም የምድር ውስጥ መቃብሮች ግድግዳ ላይ በግ የተሸከመ እረኛ፣ ከዓሣ አንበሪ ሆድ የወጣ ዮናስ፣ እጁን ዘርግቶ የሚጸልይ ሰው ይታያሉ። የእረኛው አሣሣል ከአረማውያን የተወረሰ ነው። ስቅለት ግን እዚያ አይገኝም፤ መስቀል ገና የወንጀለኛ መቅጫ ነበርና።

በ313 ቆስጠንጢኖስና ሊቂንዮስ ለክርስትና ነጻነት ከሰጡ በኋላ ሕዝበ ክርስቲያኑ ሰፊ ቤት አስፈለገው። የአረማውያን መሥዋዕት ይቀርብ የነበረው ከቤተ ጣዖቱ ውጭ ነው፤ ክርስቲያኖች ግን ውስጥ ገብተው በጋራ ያስቀድሳሉ። ስለዚህ ለችሎትና ለገበያ ያገለግል የነበረው ባዚሊካ የሚባለው አዳራሽ ለቤተ ክርስቲያን አርአያ ሆነ። ግድግዳው በሞዛይክ ተሸፈነ። በ547 የተቀደሰው የራቬና ከተማ የቅዱስ ቪታሊስ ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስንና ንግሥት ቴዎዶራን ለመቅደሱ መባ እንደያዙ ያሳያል።

የምዕራቡን ሥዕል የኋላ ጉዞ ለመረዳት ከማንኛውም ድንቅ ሥራ ይልቅ የሚረዳው በ600 ዓ.ም. አካባቢ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነው። የማርሴይ ጳጳስ ሴሬኑስ ምእመናን ለሥዕል ሲሰግዱ አይቶ ሥዕሎቹን ሰባበራቸው። የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስም ገሠጸው፦ ስግደቱን መከልከልህ መልካም ነው፣ ሥዕሉን ማጥፋትህ ግን አይገባም፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በመጽሐፍ ሊያነበው ያልቻለውን በሥዕል ይማራልና የሚል ነበር ሐሳቡ። በምሥራቅ፣ በቢዛንታይን፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው የሥዕል ጠብ በ843 ሲያበቃ ሥዕል ክብር የሚሰጠው፣ መልኩም በትውፊት የተጠበቀ ሆኖ ጸና። በምዕራብ ግን ዋና ሥራው ማስተማር ሆኖ ቀረ። የሚያስተምር ሥዕል ደግሞ የማስተማሪያ መንገዱን መቀያየር ይችላል፤ የምዕራብ ሠዓሊ የአሣሣል ነጻነት አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

በመካከለኛው ዘመን ትምህርቱ ድንጋይና መስተዋት ለበሰ። በፈረንሳይ ኦተን በ1130 ገደማ ከካቴድራሉ በር በላይ የተቀረጸው የመጨረሻው ፍርድ የሚገባውን ሁሉ እያስፈራ ይቀበላል። የቅዱስ ዴኒስ ገዳም አበምኔት ሱዤ በ1144 ያስመረቀው መቅደስ በባለ ቀለም መስኮቶቹ ብርሃንን ራሱን የእግዚአብሔር ምሳሌ አደረገ፤ ጎቲክ የሚባለው አሠራር የሚቆጠረውም ከዚህ ነው።

ትልቁ ለውጥ የታየው በጣሊያኗ ፓዶቫ ነው። ኤንሪኮ ስክሮቬኒ የተባለ ባለጸጋ፣ በአራጣ ስሙ የጠፋ የአንድ አበዳሪ ልጅ፣ ለነፍሱ ብሎ ያሠራውን ጸሎት ቤት በ1305 አካባቢ ሠዓሊው ጆቶ ሣለለት። ጆቶ እርጥብ ልስን ላይ በሣለው የሙሾ ትዕይንት እመቤታችን የልጇን ራስ አቅፋ ፊቱን አቅርባ ታያለች፤ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ለተመልካቹ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ከላይ መላእክቱ እንደ ሰው እየጮኹ ያለቅሳሉ። ጀርባ ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው መሣል ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ተመልካቹን ከለቀስተኞቹ ጋር ያስቀመጠው እሱ ነው። ስክሮቬኒ ራሱም በመግቢያው በኩል ባለው የፍርድ ቀን ሥዕል ላይ ተንበርክኮ የጸሎት ቤቱን አምሳያ ሲያበረክት ይታያል። ከዚያ ወዲህ ባለሀብቶች፣ ማኅበራትና ጳጳሳት ለነፍስም ለስምም ብለው ሥዕል የማሠራት ልማዳቸው እየሰፋ ሄደ። በውል ሰነዶች ላይ ለእመቤታችን ልብስ የሚውለው ሰማያዊ ቀለም ጥራትና ዋጋ ሳይቀር ይጻፍ ነበር፤ ቀለሙ የሚወጣው ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚመጣ ውድ ድንጋይ ነውና። ሊዮናርዶ በሚላኖ ገዳም መመገቢያ አዳራሽ የሣለው የመጨረሻው እራት፣ ማይክል አንጄሎ በ1512 የጨረሰው የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያም የዚሁ ልማድ ፍሬዎች ናቸው።

ሉተር የጀመረው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ የሴሬኑስን ጥያቄ እንደገና አስነሣ። በዙሪክ በ1524 ሥዕሎች ከአብያተ ክርስቲያናት ወጡ፤ በ1566 በኔዘርላንድስ ሕዝቡ ራሱ ሰባበራቸው። ቤተ ክርስቲያንን የመሰለ ደንበኛ ያጡት የሆላንድ ሠዓሊዎች ወደ መልክዓ ምድር፣ ወደ ቤት ውስጥ ኑሮና ወደ ገበታ ዕቃ ዞሩ። እምነቱ ግን ከሥዕሉ አልጠፋም፤ ሬምብራንት በዕድሜው ማብቂያ የሣለው የጠፋው ልጅ መመለስ ለዚህ ምስክር ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ በ1563 በትሬንት ጉባኤ ሥዕል እንዲቀጥል፣ ግን ነውርና ስሕተት እንዳይኖርበት ወሰነች። በማይክል አንጄሎ የመጨረሻው ፍርድ ላይ ራቁታቸውን ለነበሩት ልብስ የተሣለላቸው ከዚህ በኋላ ነው። ካራቫጆም በ1600 አካባቢ የማቴዎስን መጠራት ሲሥል ቀራጮቹን የራሱን ዘመን ልብስ አልብሶ ገንዘብ ሲቆጥሩ አሳየ።

ይህ የካቶሊክ መነቃቃት ኢትዮጵያም ደርሷል። ኢየሱሳውያን መልእክተኞች በሮም ቅድስት ማርያም ማጆሬ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ፤ ሃይማኖታቸው በ17ኛው መቶ ዘመን ከአገር ሲወጣ፣ በሥዕሉ ላይ የነበሩት የእመቤታችን የተጣመሩ እጆችና የያዘችው መሐረብ ግን በጎንደር ሠዓሊዎች ምስለ ፍቁር ወልዳ ላይ ቀሩ።

ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ዋና ደንበኛ መሆኗ አከተመ። በ1793 የተከፈተውን ሉቭርን በመሳሰሉ ቤተ መዘክሮች የመሠዊያ ሥዕሎች ከመሠዊያቸው ተለይተው ተሰቀሉ። ርዕሰ ጉዳዩ ግን ከአማኙ እጅ ወጥቶም ቀጠለ፦ አይሁዳዊው ሻጋል በ1938 ክርስቶስን የአይሁድ የጸሎት መጎናጸፊያ እንደታጠቀ፣ በሚቃጠሉ ቤቶችና በሚሰደዱ ሰዎች መካከል እንደተሰቀለ አድርጎ ሣለው። ማቲስ በ1951 በፈረንሳይ ቫንስ የተመረቀውን ጸሎት ቤት ከመስኮቱ እስከ ካህናቱ ልብስ ራሱ ነደፈ፤ በ1971 በሂዩስተን የተከፈተው የሮትኮ ጸሎት ቤት ደግሞ አንድም ቅዱስ ያልተሣለባቸው 14 ጥቁር መሰል ሸራዎችን ይዟል።